ያገለገለ የከበረ ሰዓት ስለ መግዛት

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ፥ ሻኛውን ዳስሶ፥ ጥቂት አስኪዶ ተመልክቶ ይገዛል። እህል የሚገዛም በመዳፉ ዘግኖ፥ ገለባውን እፍ ብሎ፥ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ይፈትናል። እነዚህ ዋጋቸውን በራሳቸው ላይ ይዘው ስለሚቆሙ የሻጩ ቃል ብዙ አይጨምርላቸውም፤ ብዙም አይቀንስባቸውም። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ዕቃ አለ። ዓይን ቢያየው እጅም ቢዳስሰው ዋጋው በዚህ ብቻ አይታወቅም፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ቃል እውነት እንደ ሆነ ይከብዳል፥ ሐሰት እንደ ሆነ ይቀላል። ከዚህ ወገን አንዱ በሰው እጅ ያለፈ የከበረ ሰዓት ነው።

ሰዓት ጊዜን ለማወቅ ብቻ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ምርመራ ባላስፈለገ ነበር። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በታኅሣሥ ወር 1969 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኳርትዝ የሚሠራውን የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ዛሬ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛው የኳርትዝ ሰዓት በወር 15 ሴኮንድ ያህል ቢስት ነው። በሞላ የሚሄደው የስዊስ ሰዓት ግን የክሮኖሜትር ምስክር ወረቀት የተሰጠው እንኳ ቢሆን፥ በአማካይ በቀን 4 ሴኮንድ ቢዘገይ ወይም 6 ሴኮንድ ቢቀድም ይፈቀድለታል። እንግዲህ ብዙ ሺህ ፍራንክ ከፍሎ የጄኔቭን አሮጌ ሰዓት የሚወስድ ሰው የሚገዛው ጊዜ መቍጠሪያን አይደለም። የሚገዛው የብልህ ሠሪን የእጅ ሥራ፥ የአንድን ቤት ስምና የአንድን ዘመን ቅርስ ነው። ሦስቱም በገበያ መካከል በዓይን አይታዩም፤ ምስክር ይሻሉ። ስለዚህ የሰዓትን ዋጋ መመዘን ምስክሮችን እንደ መመርመር ያለ ሥራ ነው።

በዚህ ገበያ ማስመሰል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በስዊስ አገር በኑሻቴል ተወልዶ በፓሪስ የሠራው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ (1747–1823) ገና በሕይወቱ ሳለ፥ የእርሱን ስም በሌላ ሰዓት ላይ እየጻፉ የሚሸጡ ሰዎች በዙበት። በዚህም ምክንያት በ1795 ገደማ በሰዓቶቹ ገጽ ላይ ምስጢራዊ ፊርማ ማኖር ጀመረ። ፊርማው እጅግ ረቂቅ ሆኖ የተቀረጸ ስለ ሆነ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት እንጂ ፊት ለፊት ሲታይ አይነበብም። ስም በከበረ ጊዜ ስሙን የሚሰርቅ ሰው ወዲያው እንደሚነሣ ብሬጌ ተረድቶ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ለሥራው ይበልጥ የሚመሰክርለት ከፊርማው ይልቅ የሽያጭ መዝገቡ ነው። የሰዓቱ ቍጥር፥ የገዢው ስምና የተከፈለው ዋጋ በትጋት ተጽፈው በቤቱ ስለ ተጠበቁ፥ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ይተያያል።

ያገለገለ ሰዓት የሚገዛ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን በየተራቸው ሊጠይቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው፥ ይህን ሰዓት በገጹ ላይ ስሙ የተጻፈው ቤት ሠርቶታልን? የሚል ነው።

ሕዝቡ ዛሬ ፎርጅድ የሚለው ሐሰተኛ ሰዓት ቀድሞ ለማወቅ ቀላል ነበር። ፊደሎቹ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ የተዛቡ ናቸው፤ በሞላ ይሄዳል የተባለው ሰዓት የሴኮንድ ጠቋሚው በየሴኮንዱ እየዘለለ ባትሪ በውስጡ እንዳለ ያሳብቃል፤ ወርቅ የተባለውም በእጅ ሲያዝ ይቀላል። ዛሬ ግን አስመሳዩ ከእነዚህ ብዙዎቹን ተምሮአል። ጥሩ ብረት ይጠቀማል፥ በሞላ የሚሄድ ማሽን ያስገባል፥ የእውነተኛውን ሰዓት ቍጥር ሳይቀር ቀድቶ ይቀርጻል። ሣጥኑንና የዋስትና ወረቀቱንም አስመስሎ ያትማል። ስለዚህ ወረቀት አለው ብሎ መታመን አይበቃም። ወረቀት ብቻውን ስለ ሰዓት አይመሰክርም፤ ወረቀቱና ሰዓቱ እርስ በርሳቸው የተስማሙ እንደ ሆነ ነው ምስክርነቱ የሚጸናው። በወረቀቱ ያለው ቍጥር በቀፎው ላይ ካለው ጋር፥ የማሽኑም ቍጥር ሠሪው ቤት ከመዝገቡ አውጥቶ ከሚሰጠው ቃል ጋር ሊገጥም ይገባል።

ይህ የሚታወቀው የኋላ ክዳኑ በአዋቂ ሰዓት ሠሪ እጅ ተከፍቶ ማሽኑ ሲታይ ነው። ከፊት ያለውን ውበት ለመምሰል ቀላል ነው፤ ማንም የማያየውን የውስጥ ክፍል ጠርዙን ማለስለስና መወልወል፥ የብሎኑን ራስ እንኳ ሳይቀር ማጥራት ግን ብዙ ድካም ያለበት ስለ ሆነ፥ አስመሳይ የሚሰስተው በዚያ ነው። ሻጩ ክዳኑ በገለልተኛ ባለሙያ ፊት እንዳይከፈት የከለከለ እንደ ሆነ፥ ገዢው ከዚያ ወዲያ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው፤ ይኸውም ሰዓቱ ሙሉ ነውን? የሚለው ነው። ሙሉ ማለት ቀፎው፥ ገጹ፥ ጠቋሚዎቹና ማሽኑ ከመጀመሪያው አብረው የወጡ ናቸውን? ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ በጠቅላላው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ከአምስት አሮጌ ሰዓቶች ተለቃቅሞ እንደ አንድ የቈመ እንደ ሆነ፥ አምስት እውነቶች ተሰብስበው አንድ ውሸት ይናገራሉ።

የብራና መጽሐፍ መመርመር የለመደ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። አዲስ መጽሐፍ በአሮጌ ማኅደር ሊገባ እንደሚችል፥ በጥንታዊ መጽሐፍ መካከልም የኋላ ዘመን ቅጠል ሊሰፋ እንደሚችል ያውቃል። የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበትን ስፍራ ብራናው ስለሚሳሳ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ጽሑፉ ራሱ ዘመኑን እንዲናገር ይተወዋል፤ በአንድ ንጉሥ ዘመን ተጻፈ የተባለ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ የነገሠውን ስም ከጠራ ክርክሩ አለቀ።

ሰዓትም እንዲሁ ዘመኑን ይናገራል። በጨለማ የሚያበራ ቀለም ቀድሞ ከራዲየም ይሠራ ነበር፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትሪቲየም ተተካ፥ ይህም በገጹ ግርጌ ስዊስ ከሚለው ቃል በግራና በቀኝ «ቲ» በሚባለው የላቲን ፊደል ተመለከተ። እንግዲህ በ1955 የተሠራ ነው የተባለ ሰዓት ይህን ፊደል በገጹ ከያዘ፥ ሰዓቱ የ1955 ቢሆን እንኳ ገጹ የኋላ ዘመን ነው። ደግሞም የትሪቲየም ኃይል በየ12 ዓመት ከጥቂት ወር በእኵሌታ ስለሚቀንስ፥ የዚያ ዘመን ሰዓት በሌሊት እንደ አዲስ ቢያበራ ቀለሙ ታድሶአል ማለት ነው። የራዲየሙ ነገር ከዚህ ይለያል፤ የሚያበራው ቅመም ተቃጥሎ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ ከሺህ ዓመት በላይ ይቈያልና፥ ያልሠለጠነ ሰው እንዲህ ያለውን ገጽ ሊከፍት ወይም ሊፍቅ አይገባውም። በወርቅ ቀፎ ላይ የሚታተመው የስዊስ መንግሥት ማኅተምም ዘመን አለው። ባለ 18 ካራቱ፥ ማለት ከ1000 እጅ 750ው ጥሩ ወርቅ የሆነው፥ ቀድሞ ሄልቬሲያ የምትባለውን ሴት ራስ ይዞ ይታተም ነበር፤ ከ1995 ወዲህ ግን ማኅተሙ የሴንት በርናርድ ውሻ ራስ ሆነ። በአባቶች ዘመን ተሠራ በተባለ ቀፎ ላይ ውሻው ቢገኝ ታሪኩ አልገጠመም።

በዚህ ጥያቄ አዲስ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ የሚያብረቀርቀውን መምረጣቸው ነው። ገጹ እንደ ገና ተቀብቶ ያማረ ሰዓት፥ ገጹ ጠይሞ የመጀመሪያ ቀለሙን ከያዘው ይልቅ ዋጋው ያነሰ ነው። ቀፎውም በየጊዜው ስለ ተወለወለ ስለታም ጠርዙ ከከሰመ፥ ማኅተሙም ከደበዘዘ፥ የጠፋው ወርቅ ሊመለስ አይችልም። ይህ ማለት ግን ማናቸውም የተለወጠ ክፍል ነውር ነው ማለት አይደለም። ሞላው ያረጀበት ሰዓት ሞላ ይለወጥለታል፤ መስተዋቱ የተሰበረም መስተዋት ይገባለታል፤ ይህ መጽሐፍን እንደ ገና እንደ መጠረዝ ያለ አገልግሎት ነው። ነውር የሚሆነው የተለወጠው ሳይነገር ሲቀር ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚከፋ በጄኔቭ ከተማ በኅዳር ወር 2021 የሆነው ያስተምራል። በ1957 የወጣ ኦሜጋ ስፒድማስተር፥ ገጹ በዘመን ብዛት ወደ ቡና ቀለም የተለወጠ፥ ፊሊፕስ በተባለው የሐራጅ ቤት ለሽያጭ ቀረበ። አስቀድሞ የተገመተው ዋጋ ከ80,000 እስከ 120,000 የስዊስ ፍራንክ ነበር፤ የተሸጠው ግን በ3,115,500 ፍራንክ ሆነ። ገዢው ራሱ ሠሪው የኦሜጋ ኩባንያ ነበር፤ ለቤተ መዘክሩ ፈልጎት ነው። በ2023 ኩባንያው፥ ሰዓቱ ከሌሎች ሰዓቶች በተውጣጡ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑንና በነገሩ ውስጥ ሦስት የቀድሞ ሠራተኞቹ፥ ከእነርሱም አንዱ በቤተ መዘክሩ ሥራ የነበረ፥ እጃቸው እንዳለበት አስታወቀ። የሐራጁ ቤት በበኩሉ ስለ ሰዓቱ ዘመን ከሠሪው ማረጋገጫ ተቀብሎ እንደ ነበር ተናገረ።

አስተዋይ ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። በዚያ ሐራጅ ምስክር የጐደለ አልነበረም፤ ታላቅ የሐራጅ ቤት ነበረ፥ የሠሪው ቃል ነበረ፥ የታወቀ ስምም ነበረ። ነገር ግን ምስክሮቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ እንደ ሆነ፥ ምንጩ በደፈረሰ ጊዜ ሁሉም አብረው ይደፈርሳሉ። ብዙ አፎች አንድን ወሬ ቢደጋግሙ አንድ ምስክር እንጂ ብዙ ምስክሮች አይባሉም። ስለዚህ ከመዝገብ የወጣ ቃል ሰዓቱ አንድ ጊዜ ምን እንደ ነበረ ይናገራል እንጂ ዛሬ በገዢው ፊት ያለው ያው መሆኑን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚያረጋግጠው ከነገሩ ጥቅም የሌለው የሌላ አዋቂ ዓይን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ሰዎች ነው። ሰዓቱ እውነተኛ ቢሆን፥ ሙሉም ቢሆን፥ የማን ነው? በ1983 በኢየሩሳሌም ካለው የእስላም ጥበብ ቤተ መዘክር ከመቶ የሚበልጡ ሰዓቶች በአንድ ሌሊት ተሰረቁ። ከእነርሱም አንዱ ቍጥር 160 የተባለው የብሬጌ የኪስ ሰዓት ነበር፤ በ1783 ለፈረንሳይ ንግሥት ለማሪ አንቷኔት ታዝዞ፥ ንግሥቲቱም ሠሪውም ከሞቱ በኋላ በ1827 የተፈጸመ ነው። ከሃያ ዓመታት በላይ ተሰውሮ ቈይቶ በ2007 መገኘቱ ተገለጠ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለ እውነተኛነቱ የሚጠራጠር አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም በንጹሕ እጅ ሊገዛው አይችልም ነበር።

ለኢትዮጵያውያንም የቀረበ ምሳሌ አለ። በኅዳር ወር 2017 ክሪስቲስ የተባለው የሐራጅ ቤት፥ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረውን የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በጄኔቭ ሊሸጥ አስታውቆ ነበር፤ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣ ግን ሰዓቱ ከሐራጁ ወጣ። ሰዓቱን የሚያከብረው በንጉሠ ነገሥቱ እጅ መኖሩ ነው፤ ይኸው ክብሩ ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንዴት ወጣ? የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። ታላቅ ስም ዋጋን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ የሻጩንም የማስረዳት ግዴታ ያከብደዋል።

የስዊስ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። የተሰረቀበት ወይም የጠፋበት ሰው ዕቃውን በቅን ልብ ከገዛውም ሰው እጅ ቢሆን እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሊያስመልስ ይችላል፤ ገዢው በአደባባይ ሐራጅ፥ በገበያ ወይም ከዚያው ዓይነት ዕቃ ነጋዴ የገዛ እንደ ሆነ ግን የከፈለው ዋጋ ሊመለስለት ይገባል። እያወቀ የገዛው ሰው በዘመን ብዛት አይድንም። እንግዲህ ደረሰኝና የሻጩ ማንነት የተጻፈበት ውል ለጌጥ የሚያዙ ወረቀቶች አይደሉም።

ሦስቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ነው የዋጋ ነገር የሚመጣ። በዚህም ሻጭ የሚጠይቀውን ዋጋ ገዢ ከከፈለው ዋጋ መለየት ይገባል፤ የፊተኛው ምኞት ነው፥ የኋለኛው ግን የተፈጸመ ነገር ነው። በሐራጅ መዶሻው የሚወድቅበት ዋጋም መጨረሻው አይደለም። የተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና በጥቅምት 2017 በኒውዮርክ ሲሸጥ መዶሻው በ15,500,000 ዶላር ወደቀ፤ የሐራጁ ቤት ድርሻ ሲጨመር ግን የተከፈለው 17,752,500 ዶላር ሆነ። ሰዓቱን በጥንቃቄ እንዲነዳ የምትመክር ቃል በጀርባው አስቀርጻ የሰጠችው ሚስቱ ነበረች፤ እርሱም በ1984 ለልጁ ወዳጅ ሰጠው። የዚያው ዓይነት ሌላ ሰዓት ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ልዩነቱን ያመጣው የብረቱ ብልጫ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት መንገድ በሰዎች ምስክርነት መታወቁ ነው። ታሪክ አለው ተብሎ ምስክር የሌለው ሰዓት ግን ታሪክ እንደሌለው ተቈጥሮ ሊገዛ ይገባል። ለጽዳትና ለጥገና የሚወጣውም ገንዘብ አስቀድሞ ከዋጋው ጋር ይታሰብ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የሮሌክስ ኩባንያ ያገለገሉ ሰዓቶቹን መርምሮ በተፈቀደላቸው ነጋዴዎች በኩል ከሁለት ዓመት ዋስትና ጋር እንዲሸጡ ማድረጉ፥ እንዲህ ላለው እርግጠኝነት ሰው ተጨማሪ ዋጋ እንደሚከፍል ያሳያል።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ገዢውን ከሻጭ ተንኰል የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን ዕውቀት በገዢ እጅ ሲገባ እርሱም እንደ ጦር ነው፤ ወደ ማን እንደሚወረወር መታየት አለበት። ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከሣጥን ግርጌ ያገኘችውን አሮጌ ሰዓት ይዛ ወደ አንድ አዋቂ ትመጣለች። ገጹ ጠይሞአል፥ ማሰሪያው ተበጥሶአል፤ በእርስዋ ዘንድ የተበላሸ ዕቃ ነው። አዋቂው ክዳኑን ከፍቶ ቍጥሮቹን ሲያይ፥ ማኅተሙም ስለታም ገጹም ያልተነካ መሆኑን ሲረዳ፥ ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጉት የኖሩት ሰዓት በእጁ እንዳለ ያውቃል። ከዚያም ክዳኑን ዘግቶ፥ «አርጅቶአል፤ ለመለዋወጫ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ» ቢላት፥ ከቃሉ አንዱ እንኳ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ሰዓቱ በእውነት አርጅቶአል፥ ለመለዋወጫም ይሆናል። ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ሰዓት ከሚሸጠው ሰው በምን ይለያል? ያኛው የሌለውን ዋጋ እንዳለ አድርጎ ተናገረ፤ ይህኛው ያለውን ዋጋ እንደሌለ አድርጎ ሰወረ።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው መጽሐፍ ሐሰተኛውን ሚዛን ብቻ አልነቀፈም፤ ዕቃውን በሻጩ ፊት ሲያጣጥል ቈይቶ ከሄደ በኋላ ስለሚመካው ገዢም ተናግሮአል። ሚዛን ሁለት ጫፍ አለውና በሁለቱም በኩል ሊሰረቅበት ይችላል። አዋቂ ሰው በምርምሩ ደክሞአልና ለድካሙ ትርፍ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ትርፉ ከዕውቀቱ ሊመጣ ይገባል እንጂ ከሌላው አለማወቅ ላይ ሊቀማ አይገባም። ለዚያች ሴት ዕቃው ምን እንደ ሆነ ነግሮአት፥ ዋጋውንም ግምቱንም አስረድቶአት፥ የድካሙን ድርሻ በግልጽ ቢጠይቃት፥ ሰዓቱን ወደ ሌላ ይዛ ልትሄድ ትችላለች፤ እርሱም ትርፉን ሊያጣ ይችላል። የእውነት ዋጋ በዚህ ስፍራ በቍጥር ይታወቃል።

ደግሞም የሚሰውር ገዢ ራሱን ለመታለል ያዘጋጃል። ከሻጩ አለማወቅ ለመጠቀም የቸኰለ ሰው፥ ክዳኑ ይከፈት፥ ሌላ ባለሙያ ይየው ብሎ ለመጠየቅ ይፈራል፤ ሻጩ የእጁን ዋጋ እንዳይነቃ ይሠጋልና። ተንኰለኛ ሻጭ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ራሱን አላዋቂ አስመስሎ፥ ከአያቱ የወረሰው መሆኑን እየተረከ፥ በርካሽ ዋጋ ሐሰተኛውን ያስይዘዋል። በዚህ ገበያ ብዙ ሰው የሚወድቀው ሻጩ ስለ በረታበት ሳይሆን የራሱ ምኞት ዓይኑን ስለ ጋረደበት ነው።

ስለዚህ ያገለገለ የከበረ ሰዓት ሊገዛ የወጣ ሰው፥ ሰዓቱን ከሻጩ ጋር ሆኖ በብርሃን ይክፈተው፤ ያየውን ሁሉ፥ ጕድለቱንም ብልጫውንም፥ ለሻጩ ይንገረው። የተለወጠው ክፍል፥ የታደሰው ገጽ፥ የማሽኑና የቀፎው ቍጥር፥ ሰዓቱም ከማን እጅ እንደ መጣ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ያ ወረቀት ከሰዓቱ ጋር ወደ ሦስተኛው ሰው በሚያልፍበት ቀን፥ የሚመጣው ገዢ ማንንም ሳይጠራጠር የሚያነበው አንድ ምስክር ያገኛል።